ስሉን ድምፅ የሚሰጠው ብረቱ አይደለም፦ ስለ ሳክስፎን ማውዝፒስ ምርጫ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ «አልቶ ሳክስፎን መንፋት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። የምጠቀመው ከሳክስፎኑ ጋር አብሮ የመጣውን ያማሃ 4ሲ ማውዝፒስ (አፍ ውስጥ የሚገባው የመንፊያ ጫፍ) ነው። ሪዴ፣ ማለትም ማውዝፒሱ ላይ የሚታሰረው ቀጭን የሸምበቆ ልሳን፣ 2 ቁጥር ነው። ብቻዬን ስለማመድ ድምፄን እወደዋለሁ። ከባንድ ጋር ስጫወት ግን ከጊታሩና ከድራሙ ሥር እቀበራለሁ። ጠንከር አድርጌ ስነፋ ደግሞ ድምፁ ከመጨመር ይልቅ ይታፈናል። ጓደኞቼ ‹ፕላስቲኩን ጣለውና ብረት ግዛ፤ ብረት ስል ድምፅ አለው፤ ጎማው ለክላሲካል ነው› ይሉኛል። አንዱ ደግሞ እንጨት ይሻላል አለኝ። የምመኘው የታዋቂውን አልቶ ነፊ የዴቪድ ሳንቦርንን ዓይነት ድምፅ ነው። እሱም በብረት ይነፋ እንደነበር አንብቤአለሁ። 8 ቁጥር የብረት ማውዝፒስ ላዝዝ ነው። ትክክል ነኝ? እባክዎ በዝርዝር ያስረዱኝ።»

ምላሽ፦ አትዘዘው። ቢያንስ አሁን አትዘዘው።

ጥያቄህ ውስጥ ሦስት ነገሮች ተደባልቀዋል። ማውዝፒሱ የተሠራበት ቁስ፣ የውስጡ ቅርጽ እና የጫፉ ክፍተት። ጓደኞችህ የሦስቱንም ሥራ ለቁሱ ሰጥተውታል። ብዙ ነፊ እንዲህ ያስባል። እኔም ለዓመታት እንዲሁ አስብ ነበር። ግን ገንዘብ የሚያስጨርሰውና ሰውን ከመሣሪያው ጋር የሚያጣላው ይኸው ስህተት ነው። ስለዚህ አንድ በአንድ እንፍታው። የአንተ ድምፅ ለምን እንደሚታፈን ደግሞ ከቁሱ ጋር ምንም የማይገናኝ ምክንያት አለው። ወደ እሱ እንመጣለን።

ሳክስፎን ሲነፋ የሚርገበገበው ሪዱ ነው። ሪዱ የማውዝፒሱን ጫፍ እየዘጋና እየከፈተ አየሩን ይቆራርጠዋል። የተቆራረጠው አየር በማውዝፒሱ፣ ከዚያም በአንገቱና በዋናው ቱቦ ውስጥ ይርገበገባል። የምንሰማው ያንን አየር ነው። የማውዝፒሱ ግድግዳ ግን ወፍራምና ግትር ነው። በጣትህ ብትነካው ትንሽ ንዝረት ይሰማህ ይሆናል። ያ ንዝረት ግን ፊት ለፊትህ ለተቀመጠ ሰው የሚሰማ ድምፅ አያወጣም። የግድግዳው ሥራ አየሩን ቅርጽ ማስያዝ ብቻ ነው። ውሃ በሸክላም ቀዳኸው በጠርሙስ፣ የሚይዘው የዕቃውን ቅርጽ ነው። ሸክላ አይሆንም፣ ጠርሙስም አይሆንም።

ይህ የእኔ አስተያየት ብቻ አይደለም። በ1971 ጆን ኮልትማን የተባለ የፊዚክስ ሰው በፍሉት ላይ ያደረገው ሙከራ ታትሞ ወጥቷል። አንዱ የብር፣ አንዱ የመዳብ፣ አንዱ የእንጨት፣ የውስጥ ቅርጻቸው ግን አንድ የሆነ ፍሉቶች ነበሩ። የሚነፉትም የሚሰሙትም ሰዎች የትኛው የቱ እንደሆነ እንዳያዩ ተደረገ። በድምፁ ብቻ መለየት አልቻሉም። ከሳክስፎን ዓለም ደግሞ የምወደው ምሳሌ የጃዙ አልቶ ነፊ የቻርሊ ፓርከር ነው። በ1953 ቶሮንቶ በሚገኘው ማሲ ሆል የተጫወተው ግራፍተን በሚባል የፕላስቲክ አልቶ ነበር። ልብ በል፣ ፕላስቲክ የነበረው ማውዝፒሱ ብቻ አይደለም፤ የሳክስፎኑ አካል ራሱ ነው። የዚያን ምሽት ቅጂ አድምጠው። የምትሰማው ፓርከርን ነው። ፕላስቲክ አትሰማም።

ታዲያ «ብረት ስል ነው» የሚለው ወሬ ከየት መጣ? ከባዶ አልመጣም። ኢቦናይት፣ ማለትም ጠንካራው ጥቁር ጎማ፣ እንዳይሰበር ወፍራም መሆን አለበት። ብረት ግን ቀጭን ሆኖም ይጸናል። ስለዚህ ብረት ለሠሪው ነፃነት ይሰጠዋል። ከውጭ ቀጭን አድርጎ ውስጡን እንደፈለገ መቅረጽ ይችላል። ብዙ ሠሪዎች ይህን ነፃነት የተጠቀሙት ለመድረክ የሚሆን፣ ውስጡ ጠባብና ወለሉ፣ ማለትም ከሪዱ ትይዩ ያለው የውስጥ ገጹ፣ ከፍ ያለ ማውዝፒስ ለመሥራት ነው። እንዲህ ያለው ቅርጽ ስል ድምፅ ይሰጣል። ሰው የሚያየው ውጫዊውን ብረት ነው፤ ውስጡን አያይም። እናም ምስጋናው ለብረቱ ሄደ።

ተቃራኒውን ማየት ቀላል ነው። የኦቶ ሊንክ የብረት ማውዝፒስ፣ ሱፐር ቶን ማስተር የሚባለው፣ ሰፊ ጓዳ፣ ማለትም ሰፊ የውስጥ ክፍት ቦታ፣ እና ዝቅ ያለ ወለል አለው። ጆን ኮልትሬን በቴነር፣ ከአልቶ ዝቅ ያለ ድምፅ ባለው ሳክስፎን፣ የሚታወቀው በብረት ኦቶ ሊንክ ነው። ዴክስተር ጎርደንም በብረት ሊንክ ነፍቷል። ያ ሰፊና ሙሉ የቴነር ድምፅ ከብረት የወጣ ነው። በሌላ በኩል ውስጣቸው እንደ ደረጃ የተሠራ፣ ጆሮ የሚበሳ ድምፅ የሚያወጡ የኢቦናይትና የፕላስቲክ ማውዝፒሶች ሞልተዋል። ብረት ሆኖ ለስላሳ፣ ጎማ ሆኖ ስል ከተገኘ፣ ድምፁን የወሰነው ቁሱ አይደለም ማለት ነው።

አንድ ተጨማሪ ማስረጃ ልስጥህ፣ ይሄ በተለይ የሚያሳምን ነው። የብረቱ የቴነር ኦቶ ሊንክ 7 ቁጥር የጫፉ ክፍተት ወደ 2.54 ሚሊ ሜትር ነው። በርግ ላርሰን 100 ተብሎ የተጻፈበት የአይዝጌ ብረት የቴነር ማውዝፒስም እንዲሁ 2.54 ሚሊ ሜትር ነው። 100 ማለት የኢንች ሺህኛ መቶ ጊዜ፣ ማለትም 0.100 ኢንች ማለት ነውና። ሁለቱም ብረት ናቸው። ክፍተታቸውም እኩል ነው። በርጉን 0 ቁጥር ጓዳ ካለው፣ ማለትም ወለሉ ከሁሉም ከፍ ካለው ዓይነት ወስደህ ከሊንኩ ጋር አወዳድረው። የአንዱ ድምፅ ሰፊ ነው፣ የሌላው እንደ ቢላ ነው። ቁሱ አልተለየም፣ ክፍተቱም አልተለየም። የተለየው ውስጡ ብቻ ነው።

ይህን ስል «ቁስ ምንም ለውጥ የለውም» ማለቴ አይደለም። ለነፊው ለውጥ አለው። የላይ ጥርስህ ማውዝፒሱ ላይ ያርፋል፤ ንዝረቱም በጥርስና በራስ ቅል አጥንት በኩል በቀጥታ ወደ ውስጠኛው ጆሮህ ይደርሳል። ብረትና ጎማ ይህን ንዝረት እኩል አያስተላልፉም። ስለዚህ አንተ በብረት ስትነፋ የተለየ ነገር ብትሰማ እውነትህን ነው። ፊት ለፊትህ የተቀመጠው ሰው ግን ያንን አይሰማም። ለመፈተን ከፈለግክ ማውዝፒሱ ላይ የምትለጠፈዋን የጥርስ ጎማ አድርገህና አንስተህ ንፋ። የምትሰማው ይለወጣል። በስልክ የተቀዳው ግን ያው ነው።

የአፍህ አከፋፈትም ይለወጣል። የብረት ማውዝፒስ አብዛኛውን ጊዜ ቀጭን ስለሆነ አፍህ ያን ያህል አይከፈትም። ይህ ለአንዳንዱ ምቾት ነው፣ ለሌላው ደግሞ ከንፈሩን እንዲያጠብቅ ያደርገዋል። ብረት በብርድ ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ሲነፋም እስኪሞቅ ድረስ ቅኝቱ ዝቅ ብሎ ይቆያል። ቢወድቅ አይሰበርም፣ ሊጎብጥ ወይም ጫፉ ሊጎዳ ግን ይችላል። ኢቦናይት በቀላሉ ይቀረጻል፣ ጥሩ የእጅ ባለሙያም ሊያስተካክለው ይችላል። ጠላቶቹ ብርሃንና ሙቀት ናቸው። እንጨትን በተመለከተ አጭር መልስ ይበቃሃል። ድምፁ ቆንጆ ሊሆን ይችላል፣ የሳክስፎን ፈጣሪው አዶልፍ ሳክስ ራሱ የጀመረው በእንጨት ማውዝፒስ ነው። ነገር ግን እንጨት ከአፍህ እርጥበት እየጠጣ ይለወጣል። በሚሊ ሜትር መቶኛ የተለካው የጫፉ ኩርባ በጊዜ ብዛት ይዛባል። ለሁለተኛ ዓመት ተማሪ አልመክረውም።

አሁን ወደ ውስጡ እንግባ። ዋናው ነገር እዚያ ነው።

የማውዝፒሱን ጫፍ ወደ ዓይንህ አቅርበህ በመስኮቱ፣ ማለትም ሪዱ በሚሸፍነው ክፍት ቦታ፣ ተመልከት። ከጫፉ ተነስቶ ወደ ውስጥ የሚሄደው ወለል ባፍል ይባላል። ሪዱ በትክክል የሚመለከተው እሱን ነው። ባፍሉ ከፍ ብሎ ወደ ሪዱ ሲጠጋ አየሩ የሚያልፍበት መንገድ ይጠባል፣ ፍጥነቱም ይጨምራል። ውጤቱን ለመረዳት ስለ ድምፅ አንድ ነገር ማወቅ አለብህ። አንድ ኖታ ስትነፋ ብቻውን አይወጣም። ከላዩ ብዙ ቀጫጭን ድምፆች ይከተሉታል፤ ሃርሞኒክ ይባላሉ። ከፍ ያለ ባፍል እነዚህን የላይኞቹን ድምፆች ያበረታል። የሰው ጆሮ ደግሞ ከ2000 እስከ 5000 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ድምፅ ከሌላው በበለጠ አጥርቶ ይሰማል። ስለዚህ ባፍሉ ከፍ ያለ ማውዝፒስ ጉልበትህ ሳይጨምር ጎልቶ ይሰማል። የሳንቦርን ድምፅ ምሥጢር አንዱ ክፍል ይኸው ነው። ዱኮፍ የተባለው ማውዝፒሱ ብረት ነበር፤ ሥራውን የሠራው ግን ከፍ ያለው ባፍልና ጠባቡ ጓዳ ነው። የቀረውን የሠራው እሱ ራሱ ነው።

ታዲያ ለምን ሁላችንም ከፍ ባለ ባፍል አንነፋም? ዋጋ ስለሚያስከፍል ነው። የታችኞቹ ኖታዎች ይሳሳሉ። በቀስታ መንፋት ይከብዳል፤ ድምፁ ወይ ይጮኻል ወይ ይጠፋል፣ መካከል ላይ መቆም ያስቸግራል። ትንሽ የአፍ ስህተት ሁሉ ይጎላል። በሁለት ዓመት ልምድ አፍህ ገና እየተገነባ ነው። እንዲህ ያለ ማውዝፒስ ድምፁን በራሱ ስለሚያወጣው አንተ ድምፅ መሥራት አትማርም። ይህ ነው በጣም የሚያሳስበኝ።

ባፍል አንድ ዓይነት አይደለም። ከጫፉ ጀምሮ በለዘብታ ጠምዘዝ ብሎ የሚወርድ አለ፤ ሞቅ ያለና ትንሽ ስለት ያለው ድምፅ ይሰጣል። ቀጥ ብሎ የሚሄድ አለ። እንደ ደረጃ ከፍ ብሎ በድንገት የሚወርድ አለ፤ ከሁሉም ስል የሆነው እሱ ነው። ወደ ውስጥ የጎደጎደም አለ፤ ድምፁን ያለዝባል። አንድ ሰው «ይህ ማውዝፒስ ስል ነው» ካለህ ከብረትና ከጎማ በፊት የባፍሉን ቅርጽ ጠይቀው።

ከባፍሉ ቀጥሎ ያለው ሰፋ ያለ ቦታ ቻምበር ነው፤ እኔ ጓዳ እለዋለሁ። አዶልፍ ሳክስ ፈጠራውን በ1846 ፓሪስ ላይ ሲያስመዘግብ የሚጠቀምበት ማውዝፒስ ጓዳው ሰፊና ክብ ነበር። ድምፁ ለስላሳ፣ ለዘፈን የቀረበ ነበር። በኋላ ትልልቅ የዳንስ ባንዶች መጡ፣ ከነሐስ መሣሪያዎች ጋር መፎካከር ግድ ሆነ። ጓዳው እየጠበበ፣ ባፍሉም ከፍ እያለ ሄደ። ዛሬ ክብ፣ አራት ማዕዘን፣ የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያለው ጓዳ ታገኛለህ። የሰልመር ኤስ80 ለምሳሌ አራት ማዕዘን ነው፤ ብዙ የክላሲካል ተማሪ ይነፋበታል፤ ድምፁ የተሰበሰበና እኩል ስለሆነ።

ስለ ጓዳ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር ቅኝትን ነው። ሳክስፎን ሾጣጣ ቱቦ ነው፤ የሾጣጣው ጫፍ ግን ተቆርጧል። ማውዝፒሱ በዚያ በተቆረጠው ጫፍ ቦታ ይቆማል። ስለዚህ በውስጡ የሚይዘው የአየር መጠን ከጎደለው ጫፍ መጠን ጋር መቀራረብ አለበት። ጓዳው በጣም ጠባብ ከሆነ ማውዝፒሱን በአንገቱ ጫፍ ባለው ቡሽ ላይ ወደ ውጭ ስበህ ማካካስ አለብህ፤ ሰፊ ከሆነ ወደ ውስጥ መግፋት። ማካካሻው ልኩን ካለፈ አንዱን ኖታ ስታስተካክል ሌላው ይዛባል፤ የላይኛውና የታችኛው ኦክታቭ አይገጣጠሙም። በተለይ የቆዩ ሳክስፎኖች የተሠሩት ለሰፊ ጓዳ ስለሆነ በዘመናዊ ጠባብ ማውዝፒስ ሲነፉ ያስቸግራሉ። ብዙ ጊዜ «ሳክስፎኔ ቅኝት አይዝም» ብሎ የሚመጣ ሰው ጥፋቱ ያለው ማውዝፒሱ ላይ ነው።

ቁጥሩን በተመለከተ ደግሞ፣ 8 ከ4 «በእጥፍ ይጮኻል» ብለህ ከሆነ ተሳስተሃል። ቁጥሩ የሚናገረው ሪዱና የማውዝፒሱ ጫፍ ምን ያህል እንደሚራራቁ ነው። ያውም እያንዳንዱ ፋብሪካ በራሱ መንገድ ነው የሚቆጥረው። የአንተ ያማሃ 4ሲ አልቶ 1.60 ሚሊ ሜትር ነው። 5ሲ 1.70 ነው። የሰልመር ኤስ80 ሲ ስታርም በአልቶ 1.70 ነው፣ ቁጥር እንኳ የለውም። ሜየር 5 ደግሞ ወደ 1.80 ነው። አየህ፣ የያማሃ 5 እና የሜየር 5 አንድ አይደሉም። በአንተ 4ሲና በሜየር 5 መካከል ያለው ልዩነት 0.20 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሁለት ተራ ወረቀት ውፍረት ያህል። በወረቀት ትንሽ ይመስላል። በአፍ ግን ሌላ ዓለም ነው። 8 ቁጥር የሚባሉት የአልቶ ማውዝፒሶች አብዛኛውን ጊዜ ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ናቸው። ከ1.60 በአንድ ጊዜ ወደዚያ መዝለል ጡንቻውን ላልገነባ አፍ ከባድ ነው። ቅኝትህ ይዋዥቃል፣ ከንፈርህ ይደክማል፣ ለመያዝም መንከስ ትጀምራለህ። መንከስ አንዴ ከለመደ መተው ዓመታት ይፈጃል።

የጫፉ ክፍተት ከሪዱ ጋር የተጋባ ነው። ክፍተቱ ሲሰፋ ለስላሳ ሪድ ይመረጣል፤ ክፍተቱ ሲጠብ ጠንካራ ሪድ። አንዱን ብቻውን መምረጥ አይቻልም። ሌላው ደግሞ የኩርባው ርዝመት ነው፤ ፌሲንግ ይባላል። ሪዱ ከማውዝፒሱ መለየት ከሚጀምርበት እስከ ጫፉ ያለው መንገድ ማለት ነው። ረጅሙ የታችኞቹን ኖታዎች ያቀልላል፣ ከሪዱም ብዙውን ያንቀሳቅሳል። አጭሩ ቶሎ ይመልሳል ግን ግትር ሊል ይችላል።

እንግዲህ የአንተ ድምፅ የሚታፈንበት ምክንያት እዚህ ጋ ነው። 1.60 ሚሊ ሜትር ጠባብ ክፍተት ነው። 2 ቁጥር ለስላሳ ሪድ ነው። ጠንከር አድርገህ ስትነፋ የአየሩ ግፊት ሪዱን ወደ ማውዝፒሱ ይገፋዋል። ለስላሳ ስለሆነ ይሸነፋል፤ መንገዱም አጭር ስለሆነ ይዘጋል። በር ዘግተህ አየር እንዲያልፍ እየጠየቅክ ነው። ብረትም ብትገዛ፣ በተመሳሳይ ክፍተትና በተመሳሳይ ሪድ ያው ይታፈንብሃል። 4ሲ መጥፎ ማውዝፒስ አይደለም። ቅኝቱ የተስተካከለ፣ አሠራሩም ከአንዱ ወደ ሌላው ብዙ የማይለያይ ነው። የበደለው ሪዱ ነው።

አሠራር ስል አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ከዲዛይንም ከቁስም የሚበልጥበት ጊዜ አለ። የማውዝፒሱ ሁለት የጎን ጠርዞች እኩል መሆን አለባቸው። ሪዱ የሚተኛበት ጠፍጣፋ መቀመጫ ያልተጣመመ መሆን አለበት። የጫፉ ጠርዝ ቀጭንና ወጥ መሆን አለበት። አንዱ ከተዛባ ማውዝፒሱ ይጮኻል፣ ታችኛው ኖታ ይንቀጠቀጣል፣ ከአሥር ሪድ ዘጠኙ አይሠራም። አንድ ጊዜ አንድ ዓይነት ስም፣ አንድ ዓይነት ቁጥር ያላቸው ሁለት አዳዲስ ማውዝፒሶች ለክቼ ነበር። የአንዱ ጠርዞች እኩል፣ የሌላው የግራና የቀኝ ኩርባ በግልጽ የተለያየ ሆኖ አገኘሁት። ጥሩው ሲነፋ ይዘፍናል። ሌላውን ሦስት ወር ሙሉ ታግያለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ መስሎኝ። ስለዚህ የምትገዛው ስሙን ሳይሆን በእጅህ የያዝከውን ያንኑ ዕቃ መሆን አለበት።

ቀላል መፈተሻ አለ። ሪዱን አርጥበህ ከማውዝፒሱ ጋር እሰረው። የኋላውን ቀዳዳ በመዳፍህ ዝጋ። በጫፉ በኩል አየሩን ምጠጥና ከአፍህ አውጣው። ሪዱ ለትንሽ ጊዜ ተጣብቆ ቆይቶ «ጷ» ብሎ ከለቀቀ አየር አያስወጣም። ወዲያው ከለቀቀ ሪዱን ቀይር። በሦስት አራት ጥሩ ሪድም ያው ከሆነ ማውዝፒሱን ተጠራጠር። ይህ ፈተና ሁሉንም አይነግርህም፣ ግን መጥፎውን ቶሎ ያጋልጣል።

ሌላ ፈተና ለአንተ ለራስህ። ማውዝፒሱን ብቻ ይዘህ ንፋና ቲዩነር (የቅኝት መለኪያ) ላይ ተመልከት። በአልቶ ማውዝፒስ መደበኛ የመለማመጃ ድምፅ ላ፣ 880 ኸርዝ ነው። የጃዝ ነፊዎች ከዚያ ዝቅ ማድረግ ያዘወትራሉ። ከዚያ በደንብ ከፍ ካለብህ እየነከስክ ነው። እየነከስክ ከሆነ ሪዱን ራስህ እያፈንከው ስለሆነ የትኛውም ማውዝፒስ አያድንህም። ይህን ሳትፈትሽ ገንዘብ አታውጣ።

ስለ ባንዱም እውነቱን ልንገርህ። ጊታሩ አምፕሊፋየር ካለው፣ ድራመሩም በሙሉ ኃይሉ ከመታ፣ ማይክሮፎን የሌለው አልቶ በየትኛውም ማውዝፒስ አያሸንፍም። ማይክ ያስፈልግሃል። ደግሞም አንተ ራስህን የምትሰማው ከሳክስፎኑ ኋላ ሆነህ ነው። ስሎቹ የላይኛ ድምፆች በአብዛኛው በደወሉ አቅጣጫ ወደፊት ይሄዳሉ። ለአንተ የደነዘዘ የሚመስልህ ድምፅ ፊት ለፊት ላለው ሰው በቂ ስለት ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ስልክ ከአምስት ስድስት ሜትር ርቀት አስቀምጠህ ልምምዱን ቅዳ። ከዚያ ነው ፍርድ የሚሰጠው።

ምን ታድርግ? ምክሬ ይህ ነው፣ በቅደም ተከተሉ ሂድ። መጀመሪያ 4ሲውን ሳትቀይር 2½ እና 3 ቁጥር ሪድ ያዝ። የአንዱ ፋብሪካ 2½ የሌላው 3 ሊሆን ስለሚችል ከለመድከው ፋብሪካ አትውጣ። በመጀመሪያው ሳምንት ይከብድሃል። ከንፈርህን ሳይሆን አየርህን ጨምር። አንድ ወር ያህል ስጠው። እኔ እንደማስበው ከመታፈኑ አብዛኛው እዚህ ላይ ይፈታል።

ከወር በኋላ ድምፁ አልታፈነም ግን አሁንም ይበልጥ መጉላት እፈልጋለሁ ካልክ፣ ያኔ ማውዝፒስ ቀይር። ኢቦናይት፣ መካከለኛ ጓዳ፣ በለዘብታ ጠምዘዝ የሚል ባፍል፣ ክፍተቱ 1.80 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሆነ። ሜየር 5 ባለ መካከለኛ ጓዳ የዚህ ዓይነት መለኪያ ነው፤ በርካታ ሠሪዎች እሱን ተከትለው ሠርተዋል። በ2½ ሪድ ንፋው። ከጃዝ እስከ ፖፕ ይወስድሃል፣ በቀስታም በጉልበትም ይነፋል። ቢያንስ ስድስት ወር ሌላ አትንካ። ኢቦናይት ያልኩህ ድምፁ ስለሚለይ አይደለም። በዚህ ቅርጽ በብዛት የሚሠራው በኢቦናይት ስለሆነ፣ ብዙ ናሙና አወዳድረህ ጥሩውን መምረጥ ስለምትችል፣ አስፈላጊ ከሆነም ባለሙያ ሊያስተካክለው ስለሚችል ነው።

የሳንቦርን ዓይነቱን ከፍ ያለ ባፍል የምትሞክረው ከዚያ በኋላ ነው። ያኔም አንድ ነገር ብቻ ቀይር። ባፍሉ ከፍ ይበል፣ ክፍተቱ ግን እዚያው 1.80 አካባቢ ይቆይ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ከቀየርክ ምኑ እንደረዳህ፣ ምኑ እንደጎዳህ አታውቅም። ብረት ይሁን ጎማ የሚለውን በጥርስህና በአፍህ ምቾት ወስን።

ስትሞክር በራስህ ሳክስፎን ሞክር። የምታውቀውን ሪድ ይዘህ ሂድ፤ ክፍተቱ ሰፋ ላለው ግማሽ ቁጥር ለስለስ ያለም ያዝ። የታችኛውን ሲ ፍላትና ሲ በጣም በቀስታ ንፋ። ከታች ወደ ላይ በአንድ ትንፋሽ ዝለል። ቲዩነር ላይ ኦክታቮቹን አመሳክር። የሚያዳምጥህ ሰው ፊቱን አዙሮ፣ የትኛውን እንደያዝክ ሳያይ ይፍረድ። በመጀመሪያው አሥር ደቂቃ የወደድከውን አትመን፤ አዲስ ነገር ሁሉ ለአሥር ደቂቃ ያምራል። መመለስ የማይቻል ከሆነ አትግዛ።

ያገለገለ ከሆነ ጥንቃቄህን እጥፍ አድርግ። ብዙ የቆዩ ማውዝፒሶች በእጅ ተሞርደው ክፍተታቸው ተለውጧል፤ ላያቸው ላይ የተጻፈው ቁጥር እውነት ላይሆን ይችላል። አስለካው። ጥርስ የበላውን ቦታም ተመልከት።

ኢቦናይትን በሙቅ ውሃ አትጠብ። እኔ አንዴ አድርጌው ጥቁሩ ማውዝፒስ ወደ አረንጓዴ ተለውጦ፣ የድኝ ሽታውም ለሳምንታት አልለቀቀም። ቀዝቃዛ ወይም ለብ ያለ ውሃና ለስላሳ ሳሙና ይበቃል። ፀሐይ ላይ አትተወው። በምንም ምክንያት ደግሞ ማውዝፒስህን ራስህ በብርጭቆ ወረቀት ለማስተካከል አትሞክር። ከላይ እንዳልኩህ የምናወራው ስለ ሚሊ ሜትር መቶኛ ነው፤ አንዴ የወጣ አይመለስም። መጀመሪያ ሪዱን ቀይር፣ ወር ስጠው፣ ቅጂውን አድምጥ። የብረቱን ትእዛዝ እስከዚያ አቆየው።